አያቴ ሆስፒታል ውስጥ ሲጠፉ፦ ሕመምተኛን በራዲዮ ሞገድ የሚፈልገው ቴክኖሎጂና የኛ ሽማግሌዎች

አያቴ የጠፉት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከቤት ወጥተው መንገድ ስተው አይደለም፤ ገበያ መሃል ወይም አውቶቡስ ላይም አይደለም። ሐኪም፣ ነርስ፣ ጥበቃና ካሜራ በሞላበት ሕንፃ፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጠው፣ ስማቸው የተጻፈበት አምባር እጃቸው ላይ ታስሮላቸው ለሁለት ሰዓት ተኩል ጠፉ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ከናታኒያ ውጭ መሆኑን ብቻ ልናገር። ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸውና ወደ ሚዩን ይዣቸው ሄድኩ። ደም ተወሰደ፣ ግፊታቸው ተለካ፣ «እዚሁ ጠብቁ» ተባልን። መኪናዬን ክልክል ቦታ አቁሜ ስለነበር እሷን ለማንሳት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ወጣሁ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ነርሷ ኮምፒውተሯን አየችና «አልጋ 14 ላይ ናቸው» አለችኝ። አልጋ 14 ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተኝቶ ያንኮራፋል። ራጅ ክፍል ሄድኩ፤ «ጨርሰው ወጥተዋል» አሉኝ። ወደ ሚዩን ተመለስኩ፤ «ራጅ ክፍል ጠይቂ» አሉኝ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ነጠላ የለበሰች ሴት በዚህ አላለፈችም ብሎ ማለልኝ።

በመጨረሻ ያገኘኋቸው ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ አልትራሳውንድ ክፍል አጠገብ፣ ከሊፍቱ ጀርባ ባለ ኮሪደር ነው። ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የክፍሉ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ወጥታ ስማቸውን ጠርታ፣ መልስ ስታጣ «አልመጡም» ብላ ወረፋቸውን አሳልፋዋለች።

«ሲጠሩዎት ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ማን ጠራኝ?» አሉ። «አንዲት ልጅ እየወጣች ስትጣራ ሰምቻለሁ። የኔን ስም ግን አልጠራችም።»

እውነታቸውን ነው። በአገር ቤት ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። እዚህ ስንመጣ ግን የቤተሰብ ስም ያስፈልጋል ተባለና ለብዙ ቤተሰብ የአባወራው አባት ወይም አያት ስም ተመዘገበ። አያቴ እጅ ላይ የተጻፈው የባላቸው አያት ስም ነው፤ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ሰው። በዚያ ላይ ዕብራይስጥ ተናጋሪ የኛን «ጠ»፣ «ጨ» እና «ቀ» በወጉ አይጠራም። ስሙ ከልጅቷ አፍ ሲወጣ ባለስሙ ራሳቸው ቢነሱ እንኳ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ፒዛ ስናዝ ልጁ ሞተር ብስክሌቱን የት ጥግ ላይ እንዳጠፈ በስልካችን እናያለን። አንዲት የ80 ዓመት ሴት አንድ ሕንፃ ውስጥ የት ፎቅ ላይ እንዳሉ ማወቅ ለምን ያቅታል?

መልሱ ግማሹ የቴክኒክ ነው። የፒዛው ልጅ የሚታየው በጂፒኤስ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካሉ ሳተላይቶች የሚመጣ በጣም ደካማ ሞገድ ነው። የሆስፒታል ጣሪያና ፎቅ ላይ ፎቅ የተደረበ ኮንክሪት ያግደዋል። ስለዚህ ሕንፃው የራሱ ጆሮ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሐሳብ ቀደም ብለው ከሞከሩት መካከል እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኘው የኦሊቬቲ የምርምር ቤተ ሙከራ አለ። እነ ሮይ ዋንት እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 ደረት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሠሩ፤ ባጁ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን እያበራ ባለቤቱ የትኛው ክፍል እንዳለ ይናገራል። በ2000 ደግሞ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ለሽቦ አልባ ኢንተርኔት የተተከሉ አንቴናዎች ለዚሁ ሥራ እንደሚሆኑ አሳዩ።

አገራችን በዚህ ከኋላ አይደለችም። ኤሮስካውት የተባለው እስራኤል ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ በዋይፋይ የሚሠሩ ትናንሽ መለያዎችን ለዓለም ሆስፒታሎች ሲሸጥ ቆይቶ በ2012 በአሜሪካው ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ተገዛ። ኤልፓስ የተባለው ሌላው የእስራኤል ኩባንያ ሕፃናት ከማዋለጃ ክፍል እንዳይወሰዱ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያንም ሳይታወቅ በር አልፈው እንዳይሄዱ የሚጠብቁ መለያዎችን ሠርቷል። ከናታኒያ ወደ ሰሜን በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ቄሳርያ፣ በ2017 የተመሠረተው ዊሊዮት ባትሪ የሌለው፣ ቴምብር የሚያክል፣ ከአየር ላይ የራዲዮ ኃይል እየለቀመ የሚናገር መለያ ይሠራል። የሱ ደንበኞች በዋናነት የዕቃ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሰው አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለአያቴ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። «አምባሩ ውስጥ ትንሽ ራዲዮ አለች፤ በየጥቂት ሰከንዱ ‹እዚህ ነኝ› ትላለች» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ቃጭል በይኛ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላገኘሁም።

በቅሎ ቃጭል አንገቷ ላይ ታስሮ ጫካ ገባች እንበል። ሦስት ሰዎች ሦስት ኮረብታ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። አንዱ ጎላ አድርጎ ይሰማል፣ ሁለተኛው ደከም ያለ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አይሰማም። ሦስቱ ቢነጋገሩ በቅሎዋ በየት በኩል እንዳለች ይገምታሉ። ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚጠቀሙት ሥርዓቶች በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ጣሪያ ላይ ያሉት አንቴናዎች ኮረብታ ላይ እንደቆሙት ሰዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የድምፁን ጉልበት አነጻጽሮ ቦታውን ይገምታል። ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ይሆናል። የበለጠ ጥራት የሚፈልግ ደግሞ ጉልበቱን ትቶ ሞገዱ የደረሰበትን ጊዜ ይለካል። የራዲዮ ሞገድ በቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ ሰዓቱ እጅግ ትክክለኛ መሆን አለበት፤ ከሆነ ግን ሰውዬው አልጋው ላይ ይሁን አልጋው አጠገብ ይታወቃል። ሦስተኛውና ርካሹ ባትሪ የሌለው ቺፕ ነው። እሱ ራሱ አይጮህም፤ በር ላይ ያለ አንባቢ መሣሪያ ሲጠራው ብቻ ይመልሳል። የት እንዳለህ አይናገርም፤ የትኛውን በር እንዳለፍክ ነው የሚናገረው። በጠፋብን ቀን ይኼ እንኳ በቂ ነበር፤ «ሊፍት፣ ሦስተኛ ፎቅ» ብሎ ቢነግረን እዚያው እናገኛቸዋለን።

ቃጭሉን ያመጣሁት ግን ችግሩንም ስለሚያስረዳ ነው። ገደል ማሚቶ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ድምፁ ከዚያ ማዶ ይመጣል፣ በቅሎዋ ያለችው ከዚህ ማዶ ነው። ሆስፒታል በገደል ማሚቶ የተሞላ ነው። የብረት አልጋ፣ የብረት ጋሪ፣ የሊፍት በር ሁሉ ሞገዱን ይመልሱታል። ራዲዮ ግድግዳና ወለል አልፎ ስለሚሄድ ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሰው ሦስተኛ ፎቅ አለ ማለትም ይመጣል። ብዙ ኩባንያዎች ራዲዮውን ግድግዳ ከማያልፈው ኢንፍራሬድ ጋር የሚያጣምሩት ለዚህ ነው። ሰውነታችን ራሱ በአብዛኛው ውሃ በመሆኑ 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ይውጣል፤ ሕመምተኛው አምባሩ ያለበትን እጁን ተጭኖ ከተኛ ድምፁ ይደክማል። የራጅ ክፍል ግድግዳ እርሳስ አለው። የኤምአርአይ ክፍል ደግሞ የራዲዮ ሞገድ እንዳይገባና እንዳይወጣ ሆን ተብሎ በመዳብ ወይም በሌላ ብረት የተለበጠ ነው፤ ባትሪ ያለው መለያም በር ላይ መፈታት አለበት። ሰው እየተገፋ ብዙ የሚመላለስባቸው ቦታዎች እነዚሁ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከዚያም አምባሩን መልሶ ማሰር የሚረሳ ሰው ይኖራል፤ መለያው ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ ልብስ ማጠቢያ ቢገባ ኮምፒውተሩ በሙሉ ልብ «ሕመምተኛዋ ልብስ ማጠቢያ ናቸው» ይላል።

እዚህ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን፤ ሚሳይል ሲመጣ ሆስፒታሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ሐይፋ ያለው ራምባም ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያው በጦርነት ጊዜ 2,000 አልጋ የሚይዝ የምድር ውስጥ ሆስፒታል ይሆናል። ሰኔ 19 ቀን 2025 የኢራን ሚሳይል ቤር ሼቫ ያለውን ሶሮካን ሲመታ አንድ ክፍል በጊዜው ባዶ መደረጉ ብዙ ነፍስ አዳነ። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ቦታ ሲቀይር «አልጋ 14» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። የማን አልጋ የት እንደሄደ ማወቅ አጥብቆ የሚያስፈልገው በዚያን ቀን ነው፤ ወፍራም ኮንክሪት ሥር ደግሞ አስቀድሞ አንቴና ካልተዘረጋ ራዲዮው አይሰማም።

ደኅንነቱስ? አንድ ጥናት መጥቀስ አለብኝ፤ ምክንያቱም ኩባንያዎች ብዙ አይወዱትም። በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው የአምስተርዳም ጥናት እንዲህ ዓይነት መለያ አንባቢዎችን 41 የሕክምና መሣሪያዎች አጠገብ አስቀምጦ ሞከረ። ከ123 ሙከራ በ34ቱ መሣሪያዎቹ ተረበሹ፤ 22ቱን ሐኪሞች አደገኛ ብለዋቸዋል። የተረፈው ብዙ ነው፣ ርቀትና ኃይል ማስተካከል ይቻላል፣ መሣሪያዎችም ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ያም ሆኖ የትንፋሽ ማገዣ አጠገብ አዲስ አንቴና የሚተክል ሆስፒታል በራሱ ክፍሎች ሳይሞክር መትከል የለበትም።

የጥያቄዬ ሁለተኛ ግማሽ ግን ከአንቴና ጋር አይገናኝም። ያን ቀን አያቴ እጅ ላይ ምርጥ የተባለው መለያ ታስሮ ቢሆን እንኳ እኔ አገኛቸው ነበር እንጂ አልትራሳውንዷ ልጅ ስማቸውን ስትጠራ አይመልሱም ነበር። መለያው የሚያውቀው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው ሚዩን በር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው፤ እሱም የሚያስተሳስረው በቤተሰብ ስም፣ በመታወቂያ ቁጥርና በልደት ቀን ነው። የኛ ሽማግሌዎች የልደት ቀን ብዙ ጊዜ በግምት የተጻፈ ነው። ስማቸው በዕብራይስጥ አንድ ጊዜ በአንድ ፊደል፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ይጻፋል። የአንድ ቤተሰብ ወንድማማቾች ሚስቶች በሙሉ አንድ የቤተሰብ ስም ይዘው፣ ተመሳሳይ ዓመት ላይ ተወለዱ ተብለው፣ እዚሁ ሔፍጺባ ወይም ኪርያት ኖርዳው አንድ መንገድ ላይ ይኖራሉ። ናታኒያ ከአገሪቱ ከተሞች የኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ቀዳሚዎች አንዷ ናት፤ ይኼ ለኛ ቀልድ አይደለም። መለያው በስሕተት ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ከታሰረ ሥርዓቱ ሌላውን ሰው በትክክል አግኝቶ ያመጣልናል።

ከተማዋ ሰውን በሆስፒታል መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። መጋቢት 27 ቀን 2002፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ፓርክ ሆቴል ላይ በደረሰው ጥቃት 30 ሰው ሲሞት ከመቶ በላይ ቆሰለ። ቁስለኞች በከተማዋ ወዳለው ላኒያዶና ወደ አካባቢው ሆስፒታሎች ተበተኑ። ላኒያዶን የመሠረቱት ሚስታቸውንና አሥራ አንድ ልጆቻቸውን በናዚዎች ዘመን ያጡት የክላውዘንበርግ ረቢ የኩቲኤል የሁዳ ሃልበርሽታም ናቸው፤ በዚያ መከራ ውስጥ የተሳሉትን ስለት ነው ናታኒያ ላይ የፈጸሙት። እንዲህ ባለ ሌሊት ቤተሰብ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይሮጣል፣ ራሱን የሳተ ቁስለኛ ስሙን አይናገርም። አገሪቱ ለዚህ «አዳም» የሚባል ሆስፒታሎችን የሚያገናኝ የኮምፒውተር ሥርዓት አላት፤ ያልታወቁ ቁስለኞች ፎቶና ምልክት ይገባበታል። ቁም ነገሩ ፎቶ መሆኑ ነው። ፊት በዕብራይስጥ ፊደል አይሳሳትም።

ወደ አያቴ ልመለስ። ቃጭሉን ካስረዱኝ በኋላ «ታዲያ እንደ በቅሎ ልታስሪብኝ ነው?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። «አንድ ጊዜ ቁጥር ለጥፈውብኝ ነበር» አሉ።

ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከአዲስ አበባ ከወጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ናቸው። ቤተሰብ እንዳይበታተን ሰው ግንባሩ ላይ ቁጥር ተለጠፈበት። ሁላችንም ፎቶውን አይተነዋል። እኔ እዚሁ የተወለድኩት ፎቶውን ሳይ ያፈርኩ ጊዜ ነበር፤ እሳቸው ግን አላፈሩበትም። «ቁጥሩ ደግ ነበር» ይላሉ። «ልጆቼን አልጠፋብኝም። የሚያስከፋው ቁጥሩን አይተው ፊትሽን ሳያዩ ሲቀሩ ነው።»

ስለ ግላዊነት ሳወራ ከዚህ ውጭ ማሰብ ያቅተኛል። ቴክኖሎጂው ለበጎም ለሌላም ይሆናል። በ2003 ሳርስ ሲገባ ሲንጋፖር አሌክሳንድራ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ፣ ጎብኚና ሠራተኛ መለያ ይዘው እንዲዘዋወሩ አደረገች፤ አንድ ሰው ታሞ ሲገኝ ማን አጠገቡ እንደነበረ ወዲያው ይታወቃል። እኛ ዘንድ በመጋቢት 2020 ለኮሮና ሲባል ሻባክ የስልኮቻችንን ቦታ እንዲከታተል ተፈቀደ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በሚያዝያ ያለ ሕግ አይቀጥልም አለ። መለያው ሕመምተኛን ብቻ ሳይሆን ነርሷንም ያያል፤ ሽንት ቤት ስንት ደቂቃ እንደቆየች ጭምር። የኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሌላ ትዝታ አለው። በጥር 1996 የለገስነው ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ ተጋለጠ፤ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጡ። ወላጆቻችን ለሆስፒታል «እሺ» ሲሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚሉት።

ስለዚህ «ይፈርሙ» ብሎ አራት ገጽ ዕብራይስጥ መስጠት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። የሕመምተኛ መብት ሕግ ከዚያው ከ1996 ጀምሮ ሰው ሕክምናው ሳይገባው እንዳይፈርም ይጠብቃል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና ከ2013 ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ የቋንቋ ትርጉም ማቅረብ የጤና ተቋማት ግዴታ ሆኗል። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው «ጤና ብሪዩት» የተባለው ማኅበርም በስልክ የአማርኛና የትግርኛ ትርጉም ሲሰጥ ኖሯል። ያለንን እንጠቀምበት እንጂ። አምባር ሲታሰር የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከባድ አይደሉም፦ ይኼ ነገር የት እንዳለሁ ይናገራል ወይ? ማን ያየዋል? ስወጣ ይፈታል፣ የተመዘገበውስ ይጠፋል ወይ? ቤት የሚጠሩኝን ስም እዚያ ላይ ትጽፉታላችሁ ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው የሚፈልገው። ከመቶ ሺህ ብር አንቴና ይቀላል።

እርግጥ በአገር ቤት ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ አባቴ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሕመምተኛ ያለ አስታማሚ አይገባም፤ አስታማሚው ካርድ ያወጣል፣ አልጋውን ይገፋል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ማታ ወለል ላይ ይተኛል። ሕመምተኛው የት እንዳለ አስታማሚው ያውቃል። አባቴ ልክ ነው፤ ግን አስታማሚው ሥራ ሲኖረው፣ ፋብሪካው ቀኑን ሲቆርጥበት፣ ወይም መኪና ለማንሳት አሥራ አምስት ደቂቃ ሲወጣ ምን ይሁን? እኔ የወጣሁት ለዚያን ያህል ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ለክትትል ወደዚያው ሆስፒታል ተመለስን። የራዲዮ አምባር አልነበረም። እናቴ ግን ከቤት ሳንወጣ ነጭ ፕላስተር ቆርጣ፣ አያቴ ቤት የሚጠሩበትን ስም በትልቅ የዕብራይስጥ ፊደል ጽፋ፣ ሥሩ «አማርኛ ትናገራለች፣ በዚህ ስም ጥሯት» ብላ ዊልቸሩ ጀርባ ላይ ለጠፈችው። የልብ ክፍሏ ነርስ ወጣች። መጀመሪያ ወረቀቷን አየች፣ ቀጥላ ፕላስተሩን አየች፣ አፏን አጣማ እየሞከረች ጠራች።

«አቤት!» አሉ አያቴ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ።